የሰውን ፀጉር እንዴት ታነባላችሁ? (ሹሩባ ከመሠራታችሁ ወይ ድሬድ ከመጀመራችሁ በፊት)

ፀጉር ፀጉር ነው ምን ትርጉም አለው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ እናቱ በር ላይ አቁማ "ይሄ ደሞ ምንድነው ራስህ ላይ የጫንከው" ብላው የማታውቅ ሰው ነው። እኛ ሀገር ፀጉር ሲያወራ ነው የኖረው፣ ገና ልጅ ነኝ፣ አላገባሁም፣ ሐዘን ላይ ነኝ፣ ጠላት ገድያለሁ፣ መንኛለሁ፣ ውጪ ሀገር ነበርኩ፣ ሁሉም በፀጉር ተብሏል። አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዘመኑ ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቋል። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ቲክቶክ ላይ አይቶ ሹሩባ ይሠራል፣ አባቱ ሴት መሰልክ ይለዋል፣ ሰፈር ያለ አዛውንት ደግሞ ካሳን (አፄ ቴዎድሮስን) መሰልክ ብሎ ሊስመው ይችላል። ያው አንድ ሹሩባ ነው እንግዲህ። ስለዚ ይሄን የምጽፈው ሁለት ነገር እንድትችሉ ነው፣ የሰው ፀጉር ስታዩ ቶሎ እንዳትሳሳቱ፣ የራሳችሁን ስትቀይሩ ደግሞ ማን ምን ብሎ እንደሚያነበው ቀድማችሁ እንድታውቁ።

ከስታይሉ በፊት ሰውየውን

ስታይሉን አትዩ መጀመሪያ። ዕድሜው ስንት ነው፣ የት ነው ያለው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ እነዚህን ሳትመልሱ ፀጉሩን ብታዩት ዋጋ የለውም። ቀኑ የምለው ለምሳሌ ነሐሴ 16 አካባቢ መቀሌ ወይ ሰቆጣ ወይ ላሊበላ ወይ ቆቦ ብትሄዱ ሴቱ ሁሉ አዲስ ሹሩባ ተሠርቶ ታገኛላችሁ፣ አሸንዳ ነው ሻደይ ነው አሸንድዬ ነው ሶለል ነው እንደየቦታው፣ እና ያንን አይታችሁ "የዚህ ሀገር ሴት ሁሌ እንዲህ ናት" ብትሉ ተሸወዳችሁ፣ በበዓል ቀን ነው የመጣችሁት። አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ያደረገች ሴት ካያችሁም እንደዛው፣ አራስ ልትሆን ትችላለች፣ ለበዓል ልትሆን ትችላለች፣ ወይ በቃ ራሷን አሟት ይሆናል።

የልጅ ፀጉር፣ በተለይ የድሮ ፎቶ ላይ

የቤተሰብ አልበም ስታገላብጡ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት ጠፍቶባችሁ ያውቃል አይደል? ልብሱ አይረዳም፣ ሁለቱም ያቺኑ እጀ ጠባብ ነው የለበሱት። ፀጉሩን ነው ማየት። ዙሪያው ተላጭቶ አናቱ ወይ ግንባሩ ላይ ብቻ ትንሽ ጭብጥ ፀጉር ከቀረች ቁንጮ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ወንድ ልጅ ነው። መሀል አናቱ ተላጭቶ ዙሪያውን ፀጉር ከቀረ ደግሞ ጋሜ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ብዙውን ጊዜ እያልኩ ነው ልብ በሉ፣ አካባቢ ከአካባቢ ይለያያል፣ ስእለት ያለበት ልጅም አለ፣ ልጅ እየሞተባት የተቸገረች እናት ፀጉሩን እንዲህ አድርጌ አሳድጋለሁ ብላ የተሳለችበት ማለት ነው፣ እሱ ከሕጉ ውጪ ይሆናል። ቁንጮዋ ለምን ትቀራለች ስትሏቸው ድሮ ሰዎች ልጁ ከሞተ መልአክ በሷ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲወስደው ነው ይላሉ። ዛሬ ለቆንጆ ፎቶ የሚያስቆርጡት ቁንጮ ግን ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ልጅቷ ከፍ ስትል ሳዱላ ይመጣል። መሀል አናት ይላጫል ዙሪያው ያድጋል፣ እና ያ ማለት ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ነው ግን አላገባችም ማለት ነው። ስታገባ የተላጨው ይለቀቃል፣ ያድጋል፣ ሙሉ ፀጉር ሆኖ ይሠራል። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት፣ አንድ እንግዳ ሰው ገበያ ውስጥ ገብቶ ማንንም ሳይጠይቅ ማን ያገባች ማን ያላገባች እንደሆነች ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ለዚህ ቀለበት አለ። እኔ ይሄን ነገር እንደ ቆንጆ ባህል ብቻ አድርገው ሲያቀርቡት ትንሽ ይደብረኛል፣ የወንዱ ፀጉር አገባ አላገባ አይናገርም ነበርኮ፣ የሷ ብቻ ነው በአደባባይ የሚለጠፈው።

ደሞ ወንድ ልጅን እንደ ሴት የሚያስመስል ሥርዓትም አለ፣ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ቦረና በገዳ ሥርዓት የመጀመሪያው እርከን ደበሌ ይባላል፣ እርከኑ 8 ዓመት ነው፣ እዛ ውስጥ ያሉ ወንዶች ልጆች ፀጉራቸው አይቆረጥም፣ ረዥም ሆኖ እንደ ሴት ልጅ ፀጉር ነው የሚያዘው። ወደ ቀጣዩ እርከን ሲያልፉ ነው በሥርዓት የሚላጩት። የማያውቅ ቱሪስት ፎቶ አንስቶ "ቆንጆ የቦረና ልጃገረድ" ብሎ ይለጥፈዋል። ስለዚ ረዥም ፀጉር እኩል ይሆናል ሴት የሚለውን ከጭንቅላታችሁ አውጡት፣ እኛ ሀገር ውስጥ እንኳን አይሠራም።

ወንድ ልጅ ሹሩባ፣ ዋናው ጭቅጭቅ

አፄ ቴዎድሮስን ሳሉ ብትባሉ ምን ትስላላችሁ? ሦስት ትልልቅ ሹሩባ ወደ ኋላ የወረደ፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። አፄ ዮሐንስም ሹሩባ ናቸው፣ ራስ አሉላም። በዛ ዘመን ወንድ ሹሩባ የሚሠራው ቆንጆ ለመሆን ብቻ አልነበረም፣ ጦር ሜዳ የዋለ፣ ጠላት የገደለ ሰው ነው ጭንቅላቱን የሚያስጎነጉነው፣ ማዕረግ ነበር በአጭሩ። ፀጉሩ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበር ለማወቅ መቅደላን አስቡ፣ 1868 በፈረንጆቹ ንጉሡ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ እንግሊዞቹ ከዘረፉት ዕቃ ጋር ፀጉራቸውንም ቆርጠው ነው የሄዱት። ከዛ ስንት ዓመት ለንደን ተቀምጦ በመጋቢት 2019 ነው ብሔራዊ የጦር ሙዚየማቸው ለኢትዮጵያ ያስረከበው። የልጃቸው የልዑል አለማየሁም ፀጉር እንደዛው 2023 ላይ ነው የተሰጠው። ፀጉር ብቻ ቢሆን ማን ለዚህ ሁሉ ይደክማል።

እና ታዲያ "ወንድ ልጅ ሹሩባ የኛ ባህል አይደለም" የሚል አባት ካጋጠማችሁ ምን ትላላችሁ? የቴዎድሮስን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነው እንዲህ የሚለው ብዙውን ጊዜ። ግን አትቸኩሉ፣ አባትየውም ዝም ብሎ አይደለም። እሱ ባደገበት ዘመን ሹሩባ የሴት ሥራ ሆኖ ነው የጠበቀው፣ ከምኒልክ በኋላ ያሉት መኳንንት ፎቶ ላይ ሹሩባ እየጠፋ ነው የሚሄደው፣ ከዛ ትምህርት ቤት መጣ ቢሮ መጣ ወታደር ቤት መጣ፣ ሥርዓት ያለው ወንድ ማለት አጭር የተቆረጠ ማለት ሆነ። በዛ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ከሆነ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን ያመጣባችኋል፣ ወንድ ፀጉሩን ቢያስረዝም ነውር ነው የሚለውን። ከሱ ጋር የምትከራከሩ ከሆነ በቲክቶክ አትጀምሩ፣ በራስ አሉላ ጀምሩ። እና ሹሩባውን ስትሠሩም የቴዎድሮስ ዓይነት፣ ወፍራም ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሄደ ከሆነ እንደ ጀግና ይነበባል፣ ቀጭን ሆኖ እየተጠማዘዘ ዲዛይን ያለው ከሆነ ደግሞ እንደ ራፐር ወይ ኳስ ተጫዋች ነው የሚነበበው። ሁለቱም ችግር የለውም፣ የትኛውን እያላችሁ እንደሆነ እወቁ ብቻ።

ጎፈሬ

ጎፈሬ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ አርበኛ ነው። በአምስቱ የጣልያን ዘመን ጫካ የገቡት ፀጉራቸውን ለቀውት ነበር፣ ምላጭ የት ይገኛል፣ በዛ ላይ ፀጉሩ ራሱ ለጣልያን አልገባሁም የሚል ምልክት ሆነ፣ ሚያዝያ 27 የድል በዓል ላይ አባቶች ጎፈሬ አበጥረው የአንበሳ ጎፈር ደፍተው የሚወጡት ከዛ ነው። ሁለተኛው የገጠር ጎበዝ ነው፣ ራያ ሂዱ፣ አፋር ሂዱ፣ ከረዩ ሂዱ፣ ወጣቱ ፀጉሩን ቅቤ አጠጥቶ አሳምሮ ሚዶ ሰክቶበት ይሄዳል፣ ከረዩዎች ጉንፉራ ይሉታል፣ ያ ማለት ወጣት ነኝ ጉልበት አለኝ ተመልከቺኝ ነው። ሦስተኛው የ1960ዎቹ እና 70ዎቹ (በፈረንጅ) አፍሮ ነው፣ ተማሪው እና ዘፋኙ፣ የሸክላ ሽፋኖቹን ብታዩ ቤል ቦተም ሱሪ ከነ አፍሮው፣ እሱ ከአሜሪካ ጥቁሮች የመጣ ነው፣ ማለትም ዘመናዊ ነኝ ነው የሚለው እንጂ የገጠር ነኝ አይደለም። ቅርፁ ግን አንድ ነው! ከፎቶ ላይ ለመለየት ልብሱን እና ሚዶውን እዩ።

አራተኛው ያሁኑ ነው እና ስለሱ በጥንቃቄ ነው የምናገረው። ባለፉት ዓመታት ጎፈሬና ሹሩባ ያለው ወጣት ወንድ ፖለቲካ ሆኖ መታየት ጀምሯል። አድዋ በዓል ላይ የካቲት 23 ብታበጥሩት ማንም ጉዳዬ አይልም፣ እንዲያውም ሰው አብሯችሁ ፎቶ ይነሳል፣ በሌላ ቀን ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ኬላ ላይ ግን ያው ፀጉር ሌላ ጥያቄ ሊያመጣባችሁ ይችላል። ትክክል ነው አላልኩም። መንገድ ካለባችሁ ግን አስቡበት።

ድሬድ ያየ ሁሉ ራስታ አይበል

ይሄ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ገዳም አካባቢ ወይ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ፀጉሩ ተጋግሮ የወረደ፣ ቢጫ ወይ ቆዳ የለበሰ፣ መቋሚያ የያዘ ሰው ካያችሁ ባህታዊ ነው። እሱ ድሬድ አልተሠራም፣ ማበጠሩን ነው የተወው፣ ዓለምን ሲተው ማበጠሪያውንም አብሮ ትቷል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ላይ አይታችኋል መቼም፣ ሰውነታቸውን ሁሉ ፀጉር ሸፍኖት ከአንበሶቹና ነብሮቹ ጋር፣ ፀጉሩ ልብስ ሆኗል ማለት ነው። የባህታዊው ፀጉር ከዛ ወገን ነው። እና "ወንድሜ ድሬድህ አሪፍ ነው የት ነው የተሠራኸው" አይባልም፣ አባ ይባርኩኝ ነው የሚባለው።

ራስታው ሻሸመኔ ነው ያለው፣ ጃንሆይ በጣልያን ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ ላሉ ጥቁሮች በሰጡት መሬት ላይ። የሱም ፀጉር ስእለት ነው፣ ዘኁልቁ 6 ላይ ያለው የናዝራዊ ስእለት፣ ራሱን ምላጭ አይንካው የሚለው፣ የሶምሶን ነገር። የሚገርመው ባህታዊውም ራስታውም ወደ አንድ መጽሐፍ ነው የሚያመለክቱት፣ ግን ሕዝባችን አንዱን እጅ ይስማል ሌላውን ጋንጃ ያጨሳል ብሎ ይሸሻል።

ከዚህ ሁሉ የቀረው ድሬድ የአርቲስት ነው፣ ሠዓሊ፣ ፎቶግራፈር፣ ዲጄ፣ አስጎብኚ፣ ወይ ፀጉሬ ስለወደደው ብቻ የሚል ሰው። ይሄኛውን እንዴት ትለያላችሁ፣ ንፁህ ነው፣ ሥሩ በየጊዜው ይጠመዘዛል፣ ጫፉ እኩል ነው፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። ድሬድ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ማወቅ ያለባችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት አከራይ እና የሴት ልጅ አባት እስካሁን ዱርዬ ብለው ነው የሚያነቡት። አጭር አድርጋችሁ ብትጀምሩት፣ ጥሩ ሸሚዝ ብትለብሱበት፣ መጀመሪያ ሰላምታውን ጎንበስ ብላችሁ ብትሰጡ ግማሹ ነገር ይቀላል።

ፀጉሯን የተላጨች ሴት

እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ በሉ። ሴት ልጅ ፀጉሯን ሙልጭ አድርጋ ካያችኋት "ዋው አዲስ ስታይል" አትበሉ። መጀመሪያ ልብሷን እዩ። ጥቁር ከለበሰች፣ ጥቁር ሻሽ ካሰረች ሐዘን ነው፣ ባሏ ወይ ልጇ ወይ ወንድሟ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ለቅርብ ሰው ፀጉር መላጨት በብዙ ቦታ ዛሬም አለ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው የሚባለው። ትልቅ ሴት ሆና ነጭ ወይ ቢጫ ለብሳ ቆብ ከደፋች መንኩሳለች፣ ብዙ እናቶች ባላቸው ከሞተ ልጆቻቸው ከተዳሩ በኋላ ይመነኩሳሉ፣ ያኔ እማሆይ ትሏታላችሁ፣ እሜቴ እትዬ ቀርቷል። ታማም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ እሷ ካላነሳችው አታንሱት። እነዚህ ሁሉ ካልሆኑና ትልልቅ ጉትቻ አድርጋ ሊፕስቲክ ተቀብታ ካያችኋት፣ አዎ ስታይል ነው፣ ያኔ ዋው በሉ፣ በጣም ነው ደስ የሚላት ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ "ምነው ሰው ሞተብሽ እንዴ" ስትባል ነው የዋለችው።

ወንዱ በተቃራኒው ነው፣ ሐዘን ላይ ያለ ወንድ ፂሙን ይለቀዋል። ፂሙ የጎፈረ የሥራ ባልደረባ ካያችሁ ሂፕስተር ሆንክ ብላችሁ ከመቀለዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ሳሎን ውስጥ ያለው ቋንቋ

የከተማ ሴት ፀጉር ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ ነው። ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ የገባች እናት ነገ ሠርግ አለባት። በየሳምንቱ ፔስትራ የምትመታ ባንክ ወይ ሆቴል ትሠራለች፣ ወይ እንደዛ እንድትመስል ትፈልጋለች። ሂውማን ሄር ያስቀጠለች ሴት ገንዘቡን ጭንቅላቷ ላይ ነው ያስቀመጠችው፣ ዋጋውን የምታውቅ ሌላ ሴት ወዲያው ታነባዋለች፣ ወንዱ ግን ምንም አይገባውም፣ "ፀጉርሽ አደገ አይደል" ይላል። ናቹራል የለቀቀችው ደግሞ በፊት "ፀጉሯን መሠሪያ ያጣች" ትባል ነበር፣ አሁን ግን ራሷን ያወቀች፣ ውጪ የተማረች፣ ኤንጂኦ የምትሠራ ተብላ ነው የምትነበበው። ፍሪዝ ፀጉር እንደዛ ክብር ያገኛል ብሎ የጠበቀ የለም። ሙስሊም እህቶች ጋ ፀጉሩ ራሱ አይታይም፣ እዛ የሚነበበው የሻርፑ አጠማጠም ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የባህል ሥራ ስትሠሩ ለበዓል ሹሩባ እና ለሠርግ አልባሶን አታደባልቁ። አልባሶ ትልልቁና ትንንሹ ጉንጉን እየተፈራረቀ የሚሠራ ነው፣ ትግራይ ነው አገሩ፣ ወርቅ ግንባር ላይ ይደረግበታል፣ ሙሽራዋ ናት የምትነበበው። የጓደኛችሁ ሠርግ ላይ እንግዳ ሆናችሁ አልባሶ ከነወርቁ ተሠርታችሁ ብትሄዱ ሙሽራዋ በሆዷ የምትይዝባችሁ ነገር ይኖራል።

ውጪ ላላችሁት

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ የልጃችሁ ሹሩባ እዛ እንደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው የሚነበበው፣ እናንተ ትግሬ ነው ጎንደሬ ነው ብትሉም አስተማሪው አይለየውም። ፀጉሩን ቁረጥ የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ደንግጣችሁ አትላጩት፣ ካሊፎርኒያ 2019 ላይ ክራውን አክት የሚባል ሕግ አውጥታለች፣ ሹሩባ ድሬድ አፍሮ በመሳሰለው ምክንያት ተማሪ ወይ ሠራተኛ ማግለል የሚከለክል፣ ሌሎች ብዙ ስቴቶችም ተከትለዋል፣ የእናንተ ስቴት ውስጥ መኖሩን አረጋግጡና ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ያው ልጅ ክረምት ላይ አያቶቹ ጋ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ንባብ ይጠብቀዋል፣ በተለይ ወንድ ከሆነ። አያትየውን ቀድማችሁ በስልክ አዘጋጁ፣ ፎቶ ላኩ፣ ኤርፖርት ላይ ድንገት አይዩት።

ልትሠሩ ስትሄዱ

ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሄዳችሁ "ሹሩባ" ብቻ ካላችሁ የምትችለውን ትሠራችኋለች፣ የፈለጋችሁትን ላይሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ንገሯት፣ ለሠርግ ነው፣ ለጥምቀት ነው፣ ለሥራ ነው። ቀጭን ወይ ወፍራም፣ በቅጥል ወይ ያለ ቅጥል፣ ጫፉ ትከሻ ላይ ይለቀቅ ወይ እስከ ጫፍ ይጎንጎን፣ እነዚህን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ መሀል ላይ ማስፈታት ያጣላል። ፎቶ ካላችሁ አሳዩ፣ ግን ፀጉሩ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ሰው ፎቶ ይሁን። ሥራ ቃለ መጠይቅ ካለባችሁ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ተሠሩ፣ በዛው ቀን ግንባራችሁ ተወጥሮ ዓይናችሁ ወደ ላይ ተስቦ ነው የምትገቡት። እና ሲያማችሁ ዝም አትበሉ፣ "ጠበቅ ካላለ አያምርም" ትላችኋለች፣ ግንባር ላይ ያለው ፀጉር የሚሳሳው ግን እንደዛ በየጊዜው ተወጥሮ ተወጥሮ ነው፣ ስለዚ "የፊቱን ላላ አድርጊልኝ" በሏት፣ ካላላላችው ተነሱና ሌላ ጋ ሂዱ።